የአባባ እሸቴ የባሬላ ጓደኞች

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ እናደዳለሁ። ሌላውን ሰው ዝናብ የነካው አፈር ትዝታ ይቀሰቅስበታል ይባላል፤ የእኔ ዕጣ ደግሞ ሲሚንቶ ሆነ። አሁን የምኖረው ሜልቦርን ዳርቻ፣ ዌሪቢ፣ ልጄ ቤት ነው። ዙሪያችን ሁሉ ግንባታ ነው፤ አምና ጎመን የነበረበት መሬት ዘንድሮ መንገድ ወጥቶለት፣ የመንገድ ስም ተሰቅሎበት ታገኙታላችሁ። ጠዋት ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ ስወጣ፣ ያ ሆዱን እያሽከረከረ የሚመጣው መኪና ጎረቤት ቦታ ላይ ቆሞ ሲዘረግፍ እደርሳለሁ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ዌሪቢ ይቁም እንጂ ሐሳቤ የድሮው ሰፈራችን አስኮት ቬል ነው፤ መንግሥት በርካሽ የሚያከራየን ፎቅ፣ ኮሚሽን ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ከባለቤቴ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ልጄ ሣራ ፊቴን አይታ «ማም፣ አር ዩ አንግሪ አጌን?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። በማን እንደሆነ አትጠይቀኝም፤ መልሱ ረጅም እንደሆነ ታውቃለች። እናንተን ግን ማን ያስጥላችኋል?

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ወንዱ የወገብ ቦርሳ ታጥቆ የሚዞርበት፣ ሴቱ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮት የሚለብስበት ዘመን ነበር። ዳቦ ከአንድ ዶላር ብዙ አያልፍም። የቴሌፎን ካርድ በአሥር ዶላር ገዝተን፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን፣ አዲስ አበባ ደውለን «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ካሴት ከቤት ወደ ቤት ሲገለበጥ ሲገለበጥ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር፤ ያም ሆኖ ቅዳሜ ሰሃን ሳጥብ ያንን ጉንፋናም ድምፅ ከፍ አድርጌ እከፍተዋለሁ፤ ከላይ ያለችው ቬትናማዊት ጎረቤቴም በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን እየመታች ታጅበኛለች። ዩኒየን ሮድ ላይ፣ ትራሙ እየተንገጫገጨ ከሚያልፍበት ጥግ፣ ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሁለት አሮጊቶች የሚሸጡበት የአሮጌ ልብስ ሱቅ ነበር። እኔና ባለቤቴን፣ ታደሰን፣ ከራስ እስከ እግር ያለበሱን እነሱ ናቸው። ከዚያ የገዛሁት ቡናማ ኮት እስካሁን አለኝ። ልጆቼ ዛሬ በኢንተርኔት የሚያስመጡት ልብስ አንዱም እንደሱ አይሞቅም። ብናገርስ ማን ሰምቶኝ!

አባባ እሸቴ፣ የታደሰ አባት፣ ከእኛ ጋር ሊኖሩ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ሦስት ሹራብ ደራርበው ከላይ ጋቢ ይጨምሩና ፍላቱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሲራመዱ ሁለት እጃቸውን ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው፣ ጣታቸውን ቆልመም አድርገው ነው። እኔ የእርጅና ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ብዙ አይናገሩም። ስለ እርሳቸው የሚናገረው ታደሰ ነው። ታደሰ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና መቀመጫ የሚሰፋ፣ ሺፍቱ በየሳምንቱ የሚቀያየርበት ሰው ነበር፤ የትም ቢሄድ ግን አንገቱ የማይሰበረው የአርበኛ ልጅ በመሆኑ ነው። እናቱ ከልጅነቱ ጀምራ «አባትህ በጥሊያን ጊዜ ጫካ ነበር» ብላ አሳድጋዋለች። ለኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ለጋሽ ግርማ፣ ይህን ሳይነግረው የቀረበት ስብሰባ የለም። አባባ ይህ ወሬ ሲነሳ ሽንት ቤት መሄድ ይፈልጋሉ። ትሕትና ነው እንል ነበር።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ፎቅ የምትጋራን ሂሩት የምትባል ጴንጤ ጎረቤታችን በባሕር ልትጠመቅ ነው ተብሎ ተጠራን። እነሂሩት የሚያጠምቁት ዊልያምስታውን ባሕር ዳር ነው። ሂሩት ሣራን በሺፍቴ ሰዓት የምትጠብቅልኝ ሰው ስለሆነች አልሄድም ማለት አይቻልም። አባባ እሸቴ አኮረፉ። «ሰው በሕፃንነቱ አንዴ ተጠምቆ የለም እንዴ? የምን ባሕር ነው?» አሉ። እኔ የሃይማኖት ነገር መስሎኝ አባበልኳቸው። በኋላ ሳስበው ባሕር የሚባል ነገር ማየት ነበር የጠሉት፤ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ባሕር ዳር እንሂድ ባልን ቁጥር ወይ ወገባቸውን ያማቸዋል ወይ ጾም ነው ይላሉ።

ያን ዕለት ግን መጡ። ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር። መዘምራኑ ጊታር ይዘው ይዘምራሉ፤ ሂሩት ነጭ ቀሚሷ እንደ ፊኛ ተነፍቶባት እስከ ወገቧ ገብታለች፤ ታደሰ ፎቶ ላንሳ ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ዞር ስል አባባ የሉም። ከባሕር ዳሩ ወጣ ብሎ፣ ሣር የለበሰ ጉብታ ላይ፣ ከጦርነት ዘመን የቀረ ምሽግ አለ፤ የጥቁር ድንጋይ ግንብ፣ አፉን ወደ ባሕሩ ያዞረ አሮጌ መድፍ፣ የሲሚንቶ መደብ። እዚያ ቆመው አገኘኋቸው። ሠራተኞች በዋዜማው የፈረሰውን ጥግ ጠግነውት ኖሮ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። አባባ ጎንበስ ብለው አሸተቱትና ቀና አሉ። ፊታቸው ተለዋውጧል። ከአጠገባቸው ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

እንግሊዝኛዬን አንገዋልዬ አነበብኩላቸው። ድሮ ባሕሩ ላይ በቆሙ አሮጌ መርከቦች ውስጥ የሚያድሩ እስረኞች እንደነበሩ፣ ቀን ቀን እየወረዱ እዚህ ዳርቻ ድንጋይ ይፈልጡና ይሸከሙ እንደነበር ይናገራል።

«ምን ያሉ እስረኞች?»

«ሌባም ነፍሰ ገዳይም ይኖርበታል፣ አባባ።»

«እና ድንጋይ መሸከማቸው ተጻፈላቸው?»

«አዎ፣ ይኸው ተጽፏል።»

«ማን ነው የጻፈላቸው? ልጆቻቸው ናቸው?»

«መንግሥት ይሆናላ።»

«አያፍሩም?»

አባባ ሰሌዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «እዚህ አገር ሌባም እንኳ ድንጋይ ከተሸከመ ይጻፍለታል» አሉና፣ አሮጌው የሲሚንቶ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ በመጡ በስንት ጊዜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ጀመሩ።

ጫካ አልነበሩም። ጥሊያን በገበያ ቀን መንደራቸውን ከብቦ ጎረምሳ ጎረምሳውን ለቅሞ፣ በካሚዮን ጭኖ አሰብ አወረዳቸው። ከባሕሩ ጫፍ መድፍ የሚቀመጥበት ምሽግ ይሠራ ነበር። ደመወዝ የለ፣ ጥላ የለ፣ የሚጠጣው ውኃ ጨው ጨው ይላል። ሥራው ድንጋይና ሲሚንቶ በባሬላ መሸከም ነው። ባሬላ ለማያውቅ ልጅ ልንገር፤ ሁለት አጣና ላይ ሳንቃ ተመትቶበት፣ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆነው እጀታውን ይዘው የሚሸከሙት ነው። አባባ የፊት ሰው ነበሩ።

«የፊት ሰው ኋላውን አያይም» አሉኝ። «የኋላው ሲደክም የሚያውቀው በእጁ ነው። መጀመሪያ እጀታው ይንቀጠቀጥብሻል። ቀጥሎ በአንድ ጎን ይከብድሻል። ከዚያ በቃ፣ ከእጅሽ ያመልጣል። ያኔ ዞር ስትዪ ወድቋል።»

«ማን ነበር ከኋላ?»

«መጀመሪያ ሰይድ። የአገሬ ልጅ ነው፣ እናቱ ገበያ ላይ ከእናቴ ጎን ነበር የምትቀመጥ። እሱ ሲወድቅ አለቃችን፣ ካቦው፣ በዚያው ባሬላ አስነሣንና አሸዋው ውስጥ ቀበርነው። በማግሥቱ ይመርን ሰጠኝ። ይመር ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ከኋላዬ ሆኖ የካቦውን ድምፅ እያስመሰለ ያስቀኝና እኔ እመታለሁ። እሱም በትኩሳት ሄደ። ኋላ ደግሞ ጓንጉል። ጓንጉል ገና ጢም እንኳ አላወጣም። ለሰይድ ዱዓ ያደረገ የለም፣ ለጓንጉል የፈታ ቄስ የለም። ሁሉም ባንድ እጀታ ነው የሞቱ።»

«ምሽጉስ?»

«መድፉ ሲተኮስ አላየሁም። እንግሊዝ መጣ ሲባል ጥለውት ሄዱ።» ሳቁ፤ ሳቅ ከተባለ። «ያ ሁሉ ሰው ያለቀ ለዚህ ነው።»

እኔ እዚያው ተናድጄ ነበር። በማን እንደምናደድ ግን አላወቅኩም፤ ጥሊያኑ የለ፣ ካቦው የለ። ታደሰ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሱሪው ውኃ እያንጠባጠበ ከጀርባችን ደርሶ ኖሯል፤ ከየት ጀምሮ እንደሰማ አላውቅም። «አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሉት? እማዬ ጫካ ነበሩ ብላን የለም እንዴ?» አለ።

«እናትህ ምን ትበል? ለጥሊያን ድንጋይ ተሸክሞ መጣ ብላ ለመንደሩ ትንገር? እሷ አለች፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«እንግዲያው አሁንም ዝም ይበሉ። ዝም አይነቅዝም።»

«ነቅዟል» አሉ አባባ። «ስማቸው ሰው ፊት ይጠራልኝ። ሰው ያልቅስላቸው። ሌላ የምለምንህ ነገር የለኝም።»

ታደሰ ወደ መኪናው ሄደ። እስከ አስኮት ቬል ድረስ ስታወራ የነበረችው የምትንቀጠቀጠው የአሮጌዋ መኪናችን በር ብቻ ናት። ታደሰን አልፈርድበትም እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አታልያለሁ መሰላችሁ! የማኅበሩ ምርጫ ደርሷል፤ ምክትል ሊቀመንበር ለመሆን ሰው እየቀሰቀሰ ነው፤ የእኛ ማኅበር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ለምክትልነት ሲባል የሰው ሰባት ቤት ይቆጠራል። «የባንዳ ልጅ» የሚል አንድ አፍ ይበቃዋል። ይገባኛል። የገባኝ ነገር ሁሉ ግን ንዴቴን አያበርደውም።

የአርበኞች በዓል ደረሰ። ጋሽ ግርማ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረ፣ እዚህ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ፣ ለሕዝብ ጉዳይ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ቤታችን መጥቶ «ኬንሲንግተን ሆሉን ቡክ አድርጌዋለሁ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹም ቡክ ተደርጓል፣ የቀረን ጀግናው ብቻ ነው» አለ። ካባ ከቤተ ክርስቲያን ተዋስን። ጋሻው የቆሻሻ በርሜል ክዳን ጥቁር ተቀብቶ ነው። የአንበሳ ጎፈር ከየት ይምጣ? ሴቶቹ ዩኒየን ሮድ አሮጊቶቹ ጋ ሄደው የአንዲት የጥንት እመቤት ኮት ገዙና የአንገቱን ጠጉር ፈትተው፣ በላስቲክ ሰፍተው ጎፈር አደረጉት። ቢጫ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ጎፈር።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ጋሽ ግርማን ደረጃ ላይ አስቁሜ ነግሬዋለሁ። «ጋሽ ግርማ፣ አባባ ሌላ ነገር ነው መናገር የሚፈልጉት። ጫካ አልነበሩም። አሰብ ድንጋይ ሲሸከሙ ጓደኞቻቸው አልቀውባቸዋል፤ እነሱ እንዲታሰቡ ነው የሚፈልጉት።»

ጋሽ ግርማ ክፉ ሰው አይደለም። የሚያናድደውም ይኼ ነው፤ ክፉ ቢሆን ተገላገልኩ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ተሰድበው እያለቀሱ ይመጣሉ» አለኝ። «ባለፈው የእኔው ልጅ፣ እኛ ምን ነበርን ብሎ ጠየቀኝ። በዓመት አንድ ቀን ጀግና አቁሜ ላሳየው ብል ኃጢአት ነው? ድንጋይ ተሸካሚ ባሳየው ምን ይጠቅመዋል?»

«እዚህ አገር ለሌባውም ሰሌዳ አቁመውለታል እኮ!»

«እነሱ ሁሉ ሞልቷቸው ነው» አለና ባርኔጣውን ደፋ።

በበዓሉ ቀን ሆሉ፣ የኬንሲንግተኑ አዳራሽ፣ ጢም ብሎ ሞላ። ልጆች አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን አስረው ይሯሯጣሉ፤ ሳምቡሳ በሰፋፊ ትሪ ይዞራል፤ ማይክሮፎኑ እንደልማዱ ይጮኻል። አባባ እሸቴ ከነካባቸው፣ ከነጎፈራቸው መድረክ ላይ ተቀምጠዋል። ላስቲኩ ግንባራቸውን እያሳከካቸው በጣታቸው ገባ እያደረጉ ያካሉ። ጋሽ ግርማ ረጅም ንግግር አደረገ። መጨረሻ ላይ ማይክሮፎኑን አፋቸው አጠገብ አድርጎ፣ «አባታችን፣ ጠላትን የተዋጉበትን ጊዜ እስቲ በአንደበትዎ ይንገሩን» አለ።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ይዣለሁ።

«አልተዋጋሁም» አሉ። «ድንጋይ ነው የተሸከምኩ።»

ጋሽ ግርማ ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም። ማይክሮፎኑን ወደራሱ መለሰና፣ «ሰማችሁ ወገኖቼ? መሣሪያ ባይኖራቸው ድንጋይ ተሸክመው! በድንጋይ የጠላትን ግንባር እየፈነከቱ!» ብሎ ጮኸ። ሴቱ እልል አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ የፉከራ ዜማ ለቀቀው። አንድ ጎረምሳ ዱላ ይዞ መድረኩ ላይ ይንጎራደድ ጀመር። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ማይክሮፎኑን ሲፈልጉ፣ ሕዝቡ ሰላምታ ሰጡን ብሎ አጨበጨበ። ተነስቼ «ቆይ! ቆይ! ሰውዬው አልጨረሱም!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት፣ «እውነትሽን ነው፣ ገና ብዙ ጀብዱ አላቸው» ብላ ከእኔ ብሳ እልል አለች። ታደሰ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ጫማውን ያይ ነበር።

ቤት ገብተን አባባ ጎፈሩን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይህን ለሴትዮዋ መልሱላት፣ ብርድ ይመታታል» አሉ። ሣራ ሳቀች፤ ሌላ የሳቀ የለም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስሞት የሕይወት ታሪኬን የሚያነበው ያው ግርማ ነው፣ አይደል?»

«አባዬ፣ ምን የሞት ወሬ ያመጣሉ?»

«መልስልኝ። ይህንኑ ሊያነብብኝ ነው?»

«እኔስ?» ታደሰ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ምን ልባል ነው? የባንዳ ልጅ ልባል?»

«ባንዳ ጠመንጃ ይዞ ነው የሚመጣ» አሉ አባባ። «እኔ የያዝኩት እጀታ ነው።» ታደሰ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። አባባ እኔን አዩኝ። «እሱ ካልቻለ አንቺ ጥሪያቸው፣ ልጄ። ሰይድ፣ ይመር፣ ጓንጉል። ሦስት ስም አይከብድሽም።» እሺ አልኳቸው። እሺ ከማለት የቀለለ ምን አለ!

ብርዱ ሳያልፍ ሳንባቸው ተያዘ። ሆስፒታል ገብተው ብዙ አልቆዩም። ሞቱ ሲሰማ ቤታችን በሰው ተሞላ፤ ፍራሽ ተነጠፈ፤ ሂሩት እንኳ ከነጴንጤነቷ ወጥ ሠርታ ይዛ መጣች። ታደሰና ጋሽ ግርማ መኝታ ቤት ገብተው የሕይወት ታሪኩን ጻፉ። በሩን ከፍቼ «ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?» አልኩ። «ያው የተለመደው ነው» አለ ታደሰ ቀና ሳይል። «አባትህ የለመኑህን ጻፍክ?» ስለው፣ «ቀስ በይ፣ ሰው አለ» አለኝ። ሰው አለ! ሰው ባለበት ሊባል አይገባም፣ ሰው በሌለበትም አይባልም፤ ታዲያ የት ነው የሚባለው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህን ያለው ሰው የሜልቦርንን ሰማይ አላየም።

የቀብሩ ቀን ያካፋ ነበር። ጭቃው ጫማችንን ይዞ አይለቅም። ቢጫ ጃኬት የለበሱት ቀባሪዎች ትንሿን መቆፈሪያ መኪናቸውን ራቅ አድርገው አቁመው ይጠብቃሉ፤ ቀብሩን የሚያስፈጽመው ፈረንጅ ሰዓቱን በስርቆት ያያል። ቄሱ ጸሎቱን ጨረሱ። ጋሽ ግርማ ጃንጥላ ተይዞለት ወረቀቱን ዘረጋ። «ጀግናው አርበኛ አቶ እሸቴ በጠላት ወረራ ዘመን ዱር ቤቴ ብለው…» ሲል ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጮኸብኝ። ምራት ነኝ፤ የምራት ወግ ነጠላን አዘቅዝቆ፣ ከሴቶቹ መሐል ቆሞ ማልቀስ ነው። ሰብሬ ወጣሁ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ጫካ አልነበሩም! ሰይድ! ይመር! ጓንጉል!» ተራ ንግግር ሊሆንልኝ ፈልጌ ነበር፤ በሥርዓት ላስረዳ። ግን ድምፄ ከዳኝ፣ እንባዬ ቀደመኝ፣ የወጣው ጩኸት ብቻ ሆነ። «ባሕር ዳር የቀራችሁ! ባሬላ ላይ የወደቃችሁ! ሰይድ! ይመር! ጓንጉል!»

ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ያዙኝ። ኀዘን አናቴ ላይ የወጣ መሰላቸው። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት፣ አውጪው» ይሉኛል። አንዷ ፊቴ ላይ ውኃ ትረጫለች። «ልቀቁኝ፣ እያለቀስኩ አይደለም፣ እየነገርኳችሁ ነው!» ብል ማን ሰምቶ! ከዚያ እትዬ አስናቀች ድምፃቸውን አነሡ። እትዬ አስናቀች በዚህ ከተማ ለቅሶ አውራጅ ማለት እርሳቸው ናቸው፤ የተጠራ ስም መሬት ወድቆ እንዲቀር አያውቁም። ማን እንደሆኑ ሳይጠይቁ ተቀበሉኝ።

ሰይድ ሆይ፣ ይመር ሆይ፣ ወዴት ነው ያላችሁ፣
ባሕር ዳር ቀርታችሁ ማን አለቀሰላችሁ!

ሴቱ ሁሉ ተቀበለ። ደረቱን እየመታ፣ «ወይኔ ሰይድ! ወይኔ ጓንጉል!» እያለ፣ የአስኮት ቬል፣ የኬንሲንግተን፣ የፉትስክሬይ ሴት በዚያ ዝናብ በማያውቀው ሰው ተንሰቀሰቀ። ወንዶቹም ተከተሉ። ጋሽ ግርማ ወረቀቱ ረጥቦ፣ ድምፁን የሚሰማው ጠፍቶ ቆመ። ለማን እንደሚለቀስ በደንብ የሚያውቀው፣ ከእኔ ሌላ፣ ታደሰ ብቻ ነበር። እሱ ግን አላለቀሰም፤ ጉድጓዱን እያየ ነበር።

ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ነው መሰለኝ። መቃብሩ ድንጋይ ላይ ዛሬም «አርበኛ» የሚል ነው የተቀረጸው፤ ድንጋዩን ያሠራው ማኅበሩ ስለሆነ ለማስቀየር ያልጠየቅኩት ኮሚቴ የለም፣ ኮሚቴ ደግሞ ሊቀመንበሩ ይቀየራል እንጂ መልሱ አይቀየርም። አንድ የማኅበሩ ወጣት አምና «አንቲ፣ ዋት ዲፍረንስ ደዝ ኢት ሜክ?» ብሎኛል፤ ምን ለውጥ ያመጣል ማለቱ ነው። ዊልያምስታውን ስሄድ ያንን ሰሌዳ ማየት አልፈልግም፤ በሌላ መንገድ ዞሬ አልፋለሁ።

ያን ዕለት ከቀብር መልስ ግን ቤታችን እጅ ታጥቦ፣ ሰው በየግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል። ንፍሮ ይዞራል። ጋሽ ግርማ ታደሰ ጎን ነው። እትዬ አስናቀች ሻላቸውን አራግፈው፣ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ «እኔ እምለው ጥሩዬ፣ እነዚያ ሰይድና ይመር ያልሻቸው ምናችሁ ናቸው? ዘመድ ናቸው?» አሉ።

አፌን ልከፍት ስል ታደሰ ቀደመኝ።

«የአባቴ የባሬላ ጓደኞች ናቸው» አለ። «አባቴ አርበኛ አልነበረም፣ እትዬ። ጥሊያን አሰብ ወስዶ ድንጋይ አሸክሞታል። አብረውት ሲሸከሙ የሞቱ ናቸው። ያለቀሰላቸው ስላልነበረ ነው።»

ጋሽ ግርማ የሻይ ብርጭቆውን ውስጡን ያይ ጀመር። እኔ፣ ስድቡ አሁን ይመጣል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

እትዬ አስናቀች ትንሽ አሰቡና ንፍሯቸውን ዘግነው፣ «ምነው ታዲያ ቀድማችሁ አትነግሩኝም?» አሉ። «የአባታቸውን ስም ሳልጠራ አለቀስኩላቸው እኮ።»